የክርን ሦስት ሳምንታት

በአርሲ ደጋ የወደቀ ልጅ ክርን የሚተርፈው ወይም የሚበላሸው ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቱ በፊት ነው

ቆዳው ከተከፈተ በኋላ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው አጥንቱን ሳይሆን ነርቩን ነው። ክርናችንን የጠረጴዛ ጠርዝ ሲመታው እስከ ትንሿ ጣታችን ድረስ የሚነዝረን ያ ነርቭ፣ በክርን ውስጠኛ ጎን ካለችው ጉብታ ጀርባ ተሸጉጦ ያልፋል። ወልቆ ወራት በቆየ ክርን ላይ ከጠባሳው ጋር ተጣብቆ፣ ከቦታውም ሸሽቶ ነው የሚገኘው። በቀስታ ከጠባሳው ይላቀቃል፤ በስስ የጎማ ማሰሪያ ተይዞ ወደ ጎን ይደረጋል። ከዚያ በክንድ ጀርባ ያለው ያጠረ ጡንቻ ጅማቱ በ«ቪ» ቅርጽ ተቆርጦ እንዲረዝም ይደረጋል። መገጣጠሚያው የሚታየው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ጤነኛ ክርን ሲከፈት የአጥንቶቹ ጫፎች ነጭ ናቸው፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ብርሃን የሚመልስ ነጭ። ሁልጊዜ እርጥብ ናቸው፤ በጓንት ጣት ሲነኩ ያንሸራትታሉ። ወልቆ የቆየው ክርን ግን ሌላ መልክ አለው። ነጩ ወደ ቢጫ ዞሮ ደብዝዟል፤ አንዳንድ ቦታ ተልጦ አጥንቱ ወጥቷል፤ የታችኛው ክንድ አጥንት የሚገባበት ጉድጓድ በጠባሳ ሥጋ ሞልቷል። ሐኪሙ ጠባሳውን በትንሽ በትንሹ ያነሳል። ከሥሩ የተረፈው ነጭ ልባስ ለስላሳ ስለሆነ፣ መሣሪያው ትንሽ ጠልቆ ከሄደ የተረፈውንም ፍቆ ያነሳዋል። በሚሊሜትር የሚሄድ፣ ሰዓታት የሚበላ ሥራ ነው።

ያንን ልባስ ሐኪሞች ካርቲሌጅ፣ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ደግሞ ልም አጥንት ይሉታል። ስለ ጉልበት ካርቲሌጅ ብዙ ሰምተናል፤ በእግር ኳስ ዜና ላይ የማይጠፋ ነገር ነው። የክርኑን ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው በግማሽ ነው። አሰላና ዙሪያዋ ባለው የአርሲ ደጋ ደግሞ የልጅ ክርን ሲጎዳ ጉዳቱ ከእርሻ፣ ከምግብ፣ ከትምህርት ጋር ተያይዞ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል።

ደም የማይደርስበት አካል

ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም፤ ነርቭም የለውም። ክርን ላይ ውፍረቱ ቢበዛ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉም ውኃ ነው። በውስጡ ተራርቀው የተቀመጡት ሴሎች ምግባቸውን የሚያገኙት በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ወፍራም ፈሳሽ ነው። ክርን ሲታጠፍና ሲዘረጋ ካርቲሌጁ፣ ውኃ የጠጣ ጨርቅ እንደሚጨመቅ ተጨምቆ የቆየውን ፈሳሽ ያስወጣል፤ ሲለቀቅ አዲሱን ይጠጣል። እንቅስቃሴ ለእርሱ ምግብ ነው ማለት ነው። ለወራት ታስሮ የተቀመጠ ክርን፣ አንድም ምት ባያርፍበት እንኳ፣ ልባሱ በረሃብ ይሳሳል።

ቆዳችን ሲቆረጥ የሚድነው ደም ስለሚደርስለት ነው። የተሰበረ አጥንትም እንዲሁ፤ ደሙ ረግቶ፣ በዚያ ላይ አዲስ አጥንት ይሠራል። ካርቲሌጅ ይህን ዕድል አላገኘም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1743 ለንደን ላይ ባቀረበው ጽሑፍ፣ የተበላሸ ካርቲሌጅ ተመልሶ እንደማይድን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር መሆኑን አስፍሯል። ከዚያ ወዲህ ሕክምና ብዙ ርቀት ተጉዟል፤ የሀንተር ፍርድ ግን በመሠረቱ አልተሻረም።

ነርቭ ስለሌለውም ሲላጥ አይጮህም። ሕመሙ የሚመጣው ልባሱ አልቆ ከሥሩ ያለው አጥንት መፋተግ ሲጀምር ነው። በልጅነቱ የወደቀ ሰው በሠላሳ ዓመቱ «ክርኔ ብርድ ሲመታው ይቆረጥመኛል» ሲል፣ ብርዱ ያረጀ ጉዳት አስታወሰው እንጂ አዲስ በሽታ አላመጣበትም።

ክርን ደግሞ ቶሎ ከሚደርቁ መገጣጠሚያዎች አንዱ ነው። የላይኛው ክንድ አንድ አጥንትና የታችኛው ክንድ ሁለት አጥንቶች በአንድ ከረጢት ውስጥ ተገናኝተው ሦስት መገጣጠሚያ ይሠራሉ፤ በእነርሱ እናጥፋለን፣ እንዘረጋለን፣ መዳፋችንንም እንገለብጣለን። አጥንቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው የተገጠሙ ስለሆኑ ትርፍ ቦታ የላቸውም። ትከሻ ትንሽ ቢዛነፍ ይቻቻላል፤ ክርን ግን የ2 ሚሊሜትር መዛነፍ እንኳ ይቆጥራል።

ከፈረስ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፍ ጫፍ

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተኛች ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ደቡብ ሳጉሬን አልፎ ወደ በቆጂ ሲኬድ መሬቱ ስንዴና ገብስ ነው። ኮምባይነር ያጭዳል፤ ኮምባይነር የማይወጣበትን ተረተር ማጭድ ያጭደዋል። ልጆች ከብት ይጠብቃሉ፣ ፈረስና አህያ ይጋልባሉ፣ ባሕር ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ በጋሪ ኋላ ይንጠለጠላሉ። ይወድቃሉም።

የሚወድቅ ልጅ ሁሉ አንድ ነገር ያደርጋል፦ እጁን ዘርግቶ መሬቱን በመዳፉ ይቀበላል። የመሬቱ ምት ከመዳፍ ተነሥቶ በክንዱ ሽቅብ ይወጣና ክርን ላይ ያርፋል። ክርኑ ወይ ይወልቃል፣ ወይ የላይኛው ክንድ አጥንት ከክርን ከፍ ብሎ ይሰበራል፣ ወይም ደግሞ የመገጣጠሚያው የውጭ ጎን ከነካርቲሌጁ ተገምሶ ይወጣል። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። ክርኑ አብጧል፤ ልጁ ያለቅሳል፤ እጁን አያስነካም።

በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ የሚሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። ይህን ከድንቁርና የሚቆጥሩ ሰዎች የገጠሩን ኑሮ አያውቁትም። ወጌሻው እዚያው ቀበሌ ውስጥ ነው፤ ሌሊትም ይቀሰቀሳል። ክፍያው እንደ አቅም ነው፤ ገንዘብ ከሌለ እህል ሲገባ ይደርሳል። የልጁን አባት እግር የጠገነውም፣ የአጎቱን ትከሻ ወደ ቦታው የመለሰውም እርሱ ነው። ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ ግን ቤተሰቡን የትራንስፖርት ገንዘብ፣ የአስታማሚ ቀለብ፣ የከብት ጠባቂና ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ያስወጣዋል። እናቶች ስለዚህ ሲጠየቁ ነገሩን አያድበሰብሱትም፦ ሆስፒታሉን ጠልተው ሳይሆን፣ ወጌሻው ቅርብ ስለሆነና ስለሚያውቁት ነው።

ወጌሻው ቅቤ አለስልሶ ያሻል። በጣቶቹ እየዳሰሰ የጎበጠውን ይፈልጋል። ከዚያ ቀጥቅጦ ያስተካከላቸውን የቀርከሃ ስንጥሮች በጨርቅ አልብሶ ዙሪያውን ይደረድርና በመቀነት ወይም በገመድ ጠበቅ አድርጎ ያስራል። ለቀላል የክንድ ስብራት ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ልምድ ያላቸው ወጌሻዎች ጣት ሲቀዘቅዝና ሲጠቁር ማሰሪያውን ማላላት ያውቃሉ፤ ይህን ዕውቀታቸውንም ማክበር ይገባል።

ክርን ግን ይቅር አይልም። ከክርን በላይ በተሰበረ አጥንት ፊት ለፊት ለእጅ ደም የሚያደርሰው ዋና የደም ሥር ያልፋል። እብጠቱ ከውስጥ፣ ማሰሪያው ከውጭ ሲጨቁኑት ጡንቻው ደም ያጣል፤ ደም ያጣ ጡንቻ ደግሞ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ መሞት ይጀምራል። ጀርመናዊው የቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 የጻፈው፣ ዛሬም በስሙ የሚጠራው የእጅ መኮማተር ይህ ነው፦ ጣቶቹ እንደ ጥፍር ይታጠፋሉ፤ ከዚያ በኋላ አይዘረጉም። ከዚህም ሲብስ እጁ ጠቁሮ ጋንግሪን ይሆንና ይቆረጣል። በኢትዮጵያ የአጥንት ሕክምና ክፍሎች ውስጥ ያሉ ሐኪሞች በቀላል ስብራት ጀምሮ በዚህ የሚጨረሰውን የሕፃናት ታሪክ ያለ ቁጭት አያወሩትም።

ሌላው አደጋ ማሸቱ ነው። የተጎዳ ክርን በኃይል ሲታሽና ተጎትቶ ሲዘረጋ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ውስጥ ይደማል፤ በደማው ቦታ አጥንት ይበቅላል። በጡንቻ ውስጥ የበቀለ አጥንት ክርኑን እንደ መቀርቀሪያ ይዘጋዋል። ልጁ እንዲያንቀሳቅስ ተብሎ የተደረገው ነገር እንዳያንቀሳቅስ ያደርገዋል ማለት ነው።

«በኃይል የታሸ ክርን በጡንቻው ውስጥ አጥንት ያበቅላል።»

የወለቀ ክርን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማደንዘዣ ተሰጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል፤ ቆዳ አይቆረጥም፤ ካርቲሌጁም አብዛኛው ይተርፋል። ሦስት ሳምንት ካለፈው ግን ጡንቻው ያጥራል፣ ጉድጓዱ በጠባሳ ይሞላል፣ ያለ ቢላ መመለሱም አይቻልም፤ በጉልበት ቢሞከር አጥንት ይሰብራል። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ቀዶ ሕክምናውም ውጤቱ እያነሰ ይሄዳል። በአርሲ ስለ ክርን ካርቲሌጅ ማውራት በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ የሚሆነውን ማውራት ነው።

ራጁ የማያሳየው

ሆስፒታል መድረስ ብቻውን አይበቃም። የአምስት ዓመት ልጅ ክርን ራጅ ላይ ሲታይ ባዶ ቦታ ይበዛበታል፤ አጥንቶቹ ሳይነካኩ በአየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ምክንያቱ፣ በዚያ ዕድሜ ክርን ገና አብዛኛው ካርቲሌጅ መሆኑ ነው፤ ካርቲሌጅ ደግሞ ራጅ ላይ አይወጣም። በክርን ውስጥ ያሉት ስድስት የአጥንት ማዕከሎች ከአንድ ዓመት ዕድሜ ገደማ ጀምሮ ተራ በተራ ይታያሉ፤ የመጨረሻው የሚወጣው በአሥራ አንድ ዓመት አካባቢ ነው። ይህን ቅደም ተከተል በቃሉ የማያውቅ ባለሙያ ጤነኛውን ማዕከል ስብራት፣ ስብራቱን ደግሞ ጤነኛ ሊል ይችላል። ጥሩው ልማድ የሁለቱንም ክርኖች ራጅ አንሥቶ ጎን ለጎን ማየት ነው፤ ወጪው አንድ ተጨማሪ ፊልም ነው።

በዚህ መንገድ ከሚያመልጡት መካከል ክፉው የክርን ውጫዊ ጎን ስብራት ነው። በልጆች ክርን ላይ ከሚደርሱ ስብራቶች በብዛት ሁለተኛው ሲሆን፣ እውነተኛ የካርቲሌጅ ጉዳት ነው፤ መስመሩ ልባሱን ሰንጥቆ ወደ መገጣጠሚያው ይገባል። ራጅ ላይ የሚታየው ግን ቀጭን የአጥንት ቅርፊት ብቻ ነው። «ትንሽ ናት፣ በጀሶ ትድናለች» ተብሎ ወደ ቤት የተላከ ልጅ ስንት ነው? የተገመሰው ቁራጭ የታችኛው ክንድ ጡንቻዎች ስለሚጎትቱት ይዞራል፤ የመገጣጠሚያው ፈሳሽ በስንጥቁ ገብቶ አጥንት እንዳይገናኝ ይከለክላል። ልጁ ሲያድግ ክርኑ ወደ ውጭ ይጣመማል። ከዚያ ከዓመታት በኋላ፣ ምናልባት ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ መጀመሪያ ላይ ያወራነው ነርቭ በጣመመው ክርን ላይ ተወጥሮ ይደክማል። ትንሿ ጣት ትደነዝዛለች፤ የእጅ መጨበጫ ጉልበት ይከዳል። ጎልማሳው ገበሬ እርፉ ከእጁ ሲያመልጥ ነገሩን ከልጅነት ውድቀቱ ጋር አያገናኘውም።

ይህ ስብራት በጊዜው ከተገኘ ሕክምናው ውስብስብ አይደለም። ቁራጩ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ከቦታው ከሸሸ ክርኑ በውጭ ጎን በትንሹ ይከፈታል፤ የረጋው ደም ይታጠባል፤ ካርቲሌጁ ከካርቲሌጁ ጋር ዓይን እያየ ይገጠማል፤ ከዚያም ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይሰካሉ። ሐኪሙ ቁራጩን ከኋላ በኩል መላጥ የለበትም፤ ያቺ ትንሽ አጥንት ደም የምታገኘው ከዚያ ብቻ ነው። ሽቦ፣ ድሪል፣ ማደንዘዣና ይህን የሚያውቅ እጅ ካለ፣ በዓለም ከሚሠሩ የክርን ካርቲሌጅ ጥገናዎች ሁሉ ውጤቱ የሚያምረው ይህ ነው። የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው የአሰላ ሪፈራል ሆስፒታል በዞኑ መኖሩ ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው፦ አዳማና አዲስ አበባ እስኪደረስ የሚጠፋውን ሳምንት ማትረፍ።

ከጉዳት ውጭ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ኢንፌክሽን። ልጅ ሳይወድቅ ክርኑ ድንገት አብጦ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከያዘው መግል ሊሆን ይችላል። መግል ካርቲሌጅን በቀናት ውስጥ አሟሙቶ ይጨርሰዋል። ያን ቀን መከፈትና መታጠብ አለበት፤ ቅቤም ማሸትም እዚህ ላይ ቦታ የላቸውም።

የኃይሌ ክንድ

በአርሲ ስለ መገጣጠሚያ ሲነሣ የሁሉ ሐሳብ ወደ ሯጮቹ ይሄዳል። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ አካባቢ ናቸው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1965 ዓ.ም. አሰላ አቅራቢያ ተወለደ። ኃይሌ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ በሲድኒ በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ ያየ ሁሉ ግራ ክንዱን ያስታውሳል። ታጥፎ፣ ወደ ደረት ተጠግቶ ይሮጥ ነበር። ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ደብተሮቹን በዚያ ክንድ ሥር ይይዝ ስለነበር የቀረ ልማድ ነው።

ያ ክንድ በሽታ አልነበረበትም። ነገር ግን ስለ ክርን አንድ እውነት ያሳያል፦ በዕድገት ዘመን የያዘውን አይለቅም። ልማድ እንዲህ ካስቀረው፣ ጠባሳ ምን ያህል ያስቀረው ይሆን? የሩጫው ክብር ሌላም ጣጣ አለው። ጉልበቱን ያመመው ሯጭ ሐኪም፣ አሠልጣኝና ፊዚዮቴራፒስት አያጣም። ከብት ሲጠብቅ ክርኑ የወለቀውን ልጅ ግን የሚከታተል የለም። ሁለቱም ያደጉት በአንድ ሜዳ ላይ ነው።

በከባድ ሥልጠና ምክንያት ክርን ላይ የሚደርስ የካርቲሌጅ ጉዳትም አለ። በእጃቸው የሚቆሙ የጂምናስቲክ ልጆችና ኳስ የሚወረውሩ የቤዝቦል ተጫዋቾች ከአሥር ዓመት ዕድሜ በኋላ የክርናቸው ውጫዊ ጎን ካርቲሌጅ ከሥሩ ካለው አጥንት ጋር ሊላላ ይችላል፤ ሲብስ ተቀርፎ በመገጣጠሚያው ውስጥ እንደ ጠጠር ይንከባለላል። ክርን አንዳንዴ «ቀጭ» ብሎ ይያዛል። በከተሞቻችን የሰርከስ ትርኢት የሚያሳዩ ታዳጊዎችን የሚያሠለጥኑ ሰዎች ይህን ምልክት ቢያውቁት መልካም ነው፤ ገና ከላላበት ከተገኘ ብዙውን ጊዜ በእጅ መቆምን ለወራት በማቆም ብቻ ይድናል።

ከጎተንበርግ እስከ ጃፓን

የጠፋን ካርቲሌጅ ለመተካት ዓለም ያልሞከረው የለም። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቴድማን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው ዘዴ ቀላል ነው፤ ልባሱ በተላጠበት ቦታ አጥንቱን በሹል መሣሪያ ጥቃቅን ቀዳዳ እየቀዱ መቅኔው እንዲደማ ማድረግ። ደሙ ይረጋል፤ በላዩ ላይ እንደ ጠባሳ ያለ ካርቲሌጅ ይበቅላል። ከመጀመሪያው ይልቅ ደካማና ሻካራ ነው፤ ለትንሽ ቁስል ግን ይበቃል። ሀንጋሪያዊው ላስሎ ሃንጎዲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከጉልበት ጥግ፣ ብዙ ክብደት ከማያርፍበት ቦታ፣ አጥንትና ካርቲሌጅ የያዙ ትንንሽ ዘንጎችን ቆርጦ በተላጠው ቦታ መትከልን አስተማረ። ጃፓኖች የቤዝቦል ልጆቻቸውን ክርን ለመጠገን ከጎድን አጥንት ጫፍ ያለውን ካርቲሌጅ ሳይቀር ተጠቅመዋል።

ከሁሉ በላይ ተስፋ ያስጫረው የስዊድኑ ነው። የጎተንበርግ ሐኪሞች ከበሽተኛው ጤነኛ ካርቲሌጅ ትንሽ ወስደው፣ ሴሎቹን በላቦራቶሪ አባዝተው፣ መልሰው በጉልበቱ ተከሉ፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1994 ሲያሳትሙ 23 ሰዎችን አክመው ነበር። አርሲ ስዊድንን በሌላ ሙያ ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሰላ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ አዛውንቶች ዛሬም «ካዱ» የሚሉት፣ በስዊድን እርዳታ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ያደረሰ ነው። ያኔ የሠራው ዘሩ ብቻ አይደለም፤ በየአካባቢው የቆመው ማከፋፈያና የልማት ሠራተኛው ነው። በካርቲሌጅም ነገሩ ይኸው ይመስለኛል። ሴል የሚያባዛ ላቦራቶሪ አሰላ ላይ ዛሬ ቢተከል እንኳ፣ ስድስት ወር ወልቆ የቆየ ክርን ይዞ ለሚመጣ ልጅ አይጠቅመውም። ዘዴዎቹ ሁሉ የሚሠሩት መገጣጠሚያው በቦታው ላለ፣ ቁስሉ ውስን ለሆነ ሰው ነው። የእኛ ልጆች የሚፈልጉት ከዚያ በፊት የሚቀድመውን ነው።

ቀኝ እጅ

ሐኪሞች ክርን ለኑሮ ምን ያህል መንቀሳቀስ እንዳለበት ለክተዋል። ከ30 ዲግሪ እስከ 130 ዲግሪ ድረስ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ክርን አብዛኛውን የዕለት ሥራ ይሠራል። ልኬቱ ግን የተሠራው በሹካ ለሚበላ፣ ስልክ ለሚያነሣ ሰው ነው። እኛ ዘንድ እንጀራ በቀኝ እጅ ተቆርሶ፣ ተጠቅልሎ ወደ አፍ ይሄዳል። ቀኝ ክርኑ ተዘርግቶ የደረቀ ልጅ በግራው መብላት ይጀምራል፤ በአንድ ገበታ ዙሪያ ከሰው ጋር መቀመጥ ይሸሻል። ሴት ልጅ ከሆነች ጀበና ዘንበል ማድረግ፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መመለስ፣ ፀጉሯን መሠራት ይከለከላታል። አንድም ጊዜ ሕመም ሳይሰማት ብቻዋን ትቀራለች።

«ቀኝ ክርኑ የደረቀ ልጅ መጀመሪያ የሚሸሸው ገበታውን ነው።»

ስለዚህ የዘገየ ክርን ላይ የሚሠራ ሐኪም ዓላማው ፍጹም ክርን መፍጠር አይደለም። እጁን ወደ አፍ ማድረስ ነው። ካርቲሌጁ ከተረፈ ጠባሳውን አንሥቶ፣ አጥንቶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ካርቲሌጁ ካለቀ ከጭን ጎን ጠንካራ ሽፋን ቆርጦ በአጥንቶቹ መካከል ያነጥፋል፤ አጥንት በአጥንት እንዳይፋተግ። ሰው ሠራሽ የብረት ክርንም አለ፤ ግን የተገጠመለት ሰው ዕድሜ ልኩን ከጥቂት ኪሎ በላይ እንዳያነሣ ይከለከላል። ለሚያርስ፣ ነዶ ለሚሸከም ወጣት ይህን መስጠት ከሥራው ማውጣት ነው። የመጨረሻው አማራጭ ክርኑን በማይንቀሳቀስበት አንድ ቦታ ማቆም ነው፤ ብዙ ጊዜ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ። ለማረስ የሚመቸው ለመብላት አይመችም። ይህን ምርጫ ለአንድ አባት፣ በሽተኛ ወረፋ በሚጠብቅበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ነርሷ በአፋን ኦሮሞ እየተረጎመች ማስረዳት ከቀዶ ሕክምናው የማይተናነስ ሥራ ነው።

እንዲህ ያለው የዘገየ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ይጻፍለታል፦ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ወደ አቤት ሆስፒታል፣ ለሕፃናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ተከፈተው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል። የእነዚህ ቦታዎች ባለሙያዎች ድካም ትልቅ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ የዘገየ ክርን የሚበላው የቀዶ ሕክምና ሰዓት፣ በጊዜው ቢመጡ ለብዙ ልጆች የሚበቃ ነበር።

ወጌሻውን ይዞ

ወጌሻን በመከልከል ይህ አይፈታም። ቢከለከል ሥራው ይደበቃል እንጂ አይቆምም። የተሻለው መንገድ አገር ውስጥ ተሞክሯል። በጉራጌ አገር በሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ወጌሻዎች ተጠርተው የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጣቸው፤ ማሰሪያ ሲጠብቅ የሚመጣውን አደጋ፣ የትኛውን ጉዳት ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለባቸው ተማሩ። ከሥልጠናው በኋላ በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች ቁጥር ቀነሰ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2005 በታወቀ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ወጣ። አንድ ቀን ነው የፈጀው።

ለአርሲ ወጌሻዎች ክርን ላይ የሚነገረው ከዚህም ያጠረ ነው። ከክርን ርቆ በላይም በታችም ያለውን ስብራት እሰሩ፣ ክርኑን ራሱን ግን አትሹት፣ አትጎትቱት፤ ሰፋ ባለ ጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥላችሁ በዚያው ቀን ላኩት። ጣቱን ቀና ስታደርጉለት የሚጮህ፣ ጣቱ የነጣ ወይም የቀዘቀዘ ልጅ ከሆነ ማሰሪያውን ፍቱ፤ ሌሊትም ቢሆን ይሂድ። የላከው ወጌሻ ስም በሪፈር ወረቀቱ ላይ ቢጻፍና ልጁ ሲመለስ ሆስፒታሉ ምስጋና ቢልክለት፣ በመንደሩ ያለው ክብር ይጨምራል እንጂ አይጎድልም። ሽማግሌ ወጌሻዎች አብዝተው የሚያነሡት ቅሬታ ይኸው ነው፦ የሚሰደቡት ሲያበላሹ ብቻ ነው፤ በጊዜው ሲልኩ ማንም አያውቅላቸውም።

ከመንግሥት ወገን የሚጠበቀውም ግልጽ ነው። በበቆጂ፣ በሮቤ፣ በሁሩታ አካባቢ ያለ ቤተሰብ የሚሠራ የራጅ ማሽን፣ የልጅ ክርን ማንበብ የሚችል ባለሙያና የወለቀ ክርን በማደንዘዣ የሚመልስ ሰው በቅርብ ሲያገኝ ሦስቱ ሳምንታት አይባክኑም። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ በዘገየ ክርን ላይ ከሚወጣው ጋር የሚወዳደር አይደለም። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለታቀፈ ገበሬም ሪፈሩ በጊዜ መጻፉ ወጪውን ያቀልለታል።

ሽቦው ከወጣ በኋላ

ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ቢሆንም ክርን ቤት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ለውጫዊ ጎን ስብራት የተሰካው ሽቦ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ጀሶውም ይፈታል። የሚያስቸግረው ቀጠሮው ነው። ልጁ በመስከረም ከወደቀ ሽቦው የሚወጣበት ሳምንት አጨዳ ላይ ያርፋል፤ ቤተሰቡም «ደህና ነው፣ ከአጨዳ በኋላ እንወስደዋለን» ይላል። ሽቦ ከሚገባው በላይ ሲቆይ ቀዳዳው ይመረቅዛል፤ ክርኑም በጀሶ ውስጥ ይደርቃል። ቀጠሮ የሚጽፍ ባለሙያ የአጨዳውን ወቅት ጠይቆ ቢጽፍ፣ ቢያንስ ማን እንደሚያመጣው ከእናቲቱ ጋር ተነጋግሮ ቢለያይ፣ ብዙ ክርን ይተርፋል።

ጀሶው ሲፈታ ክርኑ ደርቆ ይታያል፤ እናት ትደነግጣለች። ወደ ወጌሻ ለማሳሸት የሚመለሱት በዚህ ሰዓት ነው፤ መመለስ የሌለባቸውም በዚህ ሰዓት ነው። ልጁ ራሱ ያንቀሳቅሰው፤ ሰው አይጎትትለት። ፊዚዮቴራፒስቱ የሚያሳየው ቀላል ነው። ክንዱን ትራስ ላይ አስደግፎ በራሱ ጉልበት ማጠፍና መዘርጋት፤ መዳፉን ወደ ላይና ወደ ታች መገልበጥ፤ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በየጊዜው ለጥቂት ደቂቃ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ገበታው ነው። በተጎዳው እጁ እንዲበላ ይተው፤ ቢያፈስም ማንም አይቆጣው። መታጠፉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ይመለሳል፤ የመጨረሻዎቹ የመዘርጋት ዲግሪዎች ግን እስከ አንድ ዓመት ሊወስዱ ይችላሉ፤ አንዳንዴም ጥቂቶቹ ይቀራሉ። ከስድስት ወር በኋላ ክርኑ ወደ ውጭ እየጣመመ ከመጣ ወይም ትንሿ ጣት መደንዘዝ ከጀመረች፣ ልጁን ባያመውም ራጅ ተነሥቶ እንደገና መታየት አለበት።